ወፍጮ አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰይፈ ሚካኤል ወልደጻድቅ፤

ይህ ደብዳቤ ፈረንሳይ አገር ሊዮን ሲደርስ አንተንም ሁለቱን እጆችህንም ደኅና ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወፍጮ አልተከልሁም። አክስትህ የሺአረግ በስልክ ምን እንዳለችህ አውቃለሁ፤ የተናገረችውን የምትደብቅ ሴት ስላልሆነች እርስዋው ራስዋ ነግራኛለች። «እናትህ ጆሮዋ ደንቁሮ፣ በስተርጅና ኑሮ ከብዷት፣ ሳሎን ውስጥ ወፍጮ ተክላ፣ ከሰዓት በኋላ ወፍጮውን አቅፋ ትቀመጣለች» ብላሃለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልክ የሆነው ከሰዓት በኋላ መሆኑና ማቀፌ ነው። ያቀፍሁት ግን ሞንታርቦ ነው። ረስተኸው እንደሆነ፣ ሞንታርቦ ሰርግ ቤት የሚቆመው ትልቁ ድምፅ ማጉያ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከጎረቤት ነው። ድሬ ከቀትር በኋላ እንደምትተኛ ታውቃለህ፤ ያልተኛው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። እኔ ያንን ሰዓት የመረጥሁት ባጃጁም ሰዉም ጸጥ ስለሚል ነበር። የአንተን ሙዚቃ ስከፍት ግን የጎረቤቶቼ ግድግዳ ይርገበገባል፤ ብርጭቋቸው መደርደሪያው ላይ ይሄዳል። «እማማ ኪዳነ ወፍጮ ተከሉ» ተባለ። አንዲት ሴትዮ በርበሬዋን በሳፋ ይዛ በሬ ድረስ መጣችና ወረፋው ረጅም እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ከእርስዋ ቀጥሎ ዘርዓብሩክ የሚባል ወጣት ከቀበሌ ተልኮ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የቃሉን መጨረሻ የሚውጥ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ያለ ፈቃድ ወፍጮ ተተክሏል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለኝ።

«ጠቋሚው ዱቄት አይቷል?»

«ዱቄትስ አላየም። ድምፅ ነው የሰማው።»

«ጫማህን ጥረግና ግባ።»

ሳሎኑን ዞሮ አየ። አጎንብሶ ከአልጋዬ ሥር ሳይቀር አየ። እኔም ሦስተኛውን አልበምህን ከፈትሁለት። ጥቂት ቆሞ ሰማና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ልቡ ቦታዋ ላይ መኖርዋን የሚፈትሽ ይመስል ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ውይ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ሥራ ላይ ነው።»

ወፍጮ እንደሌለ ጽፎ ፈረመ። ከወጣ በኋላ ግን በመስኮት ስመለከት አጥሩ ላይ እጁን አስደግፎ ሥራው እስኪያልቅ ቆሞ ነበር። ይህንን ለአለቃው እንዳልነገረው እገምታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለአክስትህ «የኅዳሩን ቀረጻ ትቼ እመጣለሁ፤ እናቴን አስታምማለሁ» ብለሃታል። ይህንን አልቀበልም። «ሥር» ብለህ የሰየምኸውን፣ ቆመህ በደጋን ለምትጫወተው ለዚያ ሰው የሚያህል መሣሪያ፣ ለአሥራ ሁለት ኮንትራባስ የጻፍኸውን ሥራ ለማስቀረጽ ስንት ዓመት በር እንዳንኳኳህ አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ተጫዋች ከየአገሩ ተሰብስቦ በአንድ አዳራሽ መቀመጡ በሰው ዕድሜ ደጋግሞ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ የነገርኸኝም አንተው ነህ። ዘንድሮ ከተበተኑ አይሰበሰቡም። ስለዚህ አትምጣ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚህ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማስረጃ ነው።

አንተ የላክኸውን እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ የምሰማው በትንሿ ማጫወቻ ነበር። ከእርስዋ የሚወጣው የደጋን ፍጭትና የእንጨት መንኳኳት ነው፤ አንዳንዴም አንድ ሰው በሩቅ ቁም ሣጥን የሚጎትት ይመስላል። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። ያልሰማሁትን ወደድሁ አልልም፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። ያቺ ማጫወቻ ወፍራሙን ክርህን ጨርሶ እንደማታወጣው፣ ከእጅህ የሚመጣው አብዛኛው ነገር ውስጥዋ እየቀረ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ማጫወቻዋ በክረምቱ ሞተች። ሰባቱንም አልበም በፌስታል ይዤ መጋላ ገበያ ሞሐሙድ ሱቅ ሄድሁ። ሞሐሙድ ለሰርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ፣ የቆየ ሲዲ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ የሱማሌ ልጅ ነው። እንደ ድሬ ሰው ሁሉ አንቺ ይለኛል። ደጋግሜ አርሜው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ሲዲ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን በር ላይ ከቆመው ሞንታርቦ ጋር አገናኘው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱን እያየሁ ነበር። ጨርቅ የሚገዙ ሴቶች ከሻጩ ጋር ይከራከራሉ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። ይህንን ለምጄዋለሁ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ነገር ተነሣ።

ልጅ ሆነህ አባትህ ሐዲዱን በእግርህ ጫፍ እንድትነካው ያደርግህ ነበር። ባቡሩ ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለ፣ ጢሱም ሳይታይ፣ ብረቱ አስቀድሞ ያውቃል። እንደዚያ ነው የመጣው። መጀመሪያ የሰማው ወገቤ ነው፤ ከዚያ ደረቴ፤ ጆሮዬ የደረሰው በመጨረሻ ነው። ከመሬት የወጣ እንጂ ሰው የሠራው አልመሰለኝም። ልሸሽ አልሁ፤ ደግሞ ልጠጋ አልሁ፤ ከሁለቱ አንዱንም ሳልመርጥ የሱቁን በር ያዝሁ። ሞሐሙድ በርጩማ ይዞ ሮጠ።

«እማማ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ይህ የትኛው ነው?»

«የመጀመሪያው ነው። ደረቅ ወንዝ ይላል ጀርባው ላይ።»

«አጥፋውና ከመጀመሪያው ጀምረው። ፊቴን አዙሬ ልስማው።»

ያንኑ ቀን ሞንታርቦውን ተከራየሁት። በባጃጅ ስንወስደው ከእኔ ይልቅ እርሱ ሰፊ ቦታ ያዘ፤ ወንዙን ስንሻገር አቅፌው ነበር። ማቀፍ የጀመርሁት ያኔ መሆኑ ነው።

ቤት ገብቼ ሞሐሙድ የገለበጠልኝን ፍላሽ ስሰማ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ሥራው ያምራል፣ ይሄዳል፣ አያቆምም። የማያቆም መሆኑ ነው ያሳሰበኝ። እኔ ሙዚቃ የተማርሁት ከፈረንሳይ በመጡት መነኮሳይት ትምህርት ቤት ነው፤ ያስተማረችን ሲስተር ክሎቲልድ ድምፅ ያሳጠረችውን ልጅ በማስመሪያ አንድ ጊዜ፣ ዝምታ ያሳጠረችውን ሁለት ጊዜ ትመታ ነበር። በአልበሙ ሽፋን ላይ ያንተው ቃል በፈረንሳይኛ ታትሟል፤ «ዝምታዎቹ የሥራው አካል ናቸው» ይላል። እኔ የሰማሁት ፍላሽ ውስጥ አንድም ዝምታ አልነበረም። በማግስቱ መጋላ ተመለስሁ።

«ሞሐሙድ፣ ዝምታው የት ሄደ?»

«የቱ ዝምታ?»

«ልጄ የጻፈው።»

«አቦ እማማ፣ ሲዲው ተበላሽቶ ነበር እኮ። መሀል ላይ ጥፍት ይላል። ቆርጬ ገጠምኩልሽ። የእንጨቱን ሲጥሲጥታም አጠብኩልሽ። ለሌላ ሰው ቢሆን ወላሂ አስከፍል ነበር።»

«ማን እጠብ አለህ?»

«ሰርግ ላይ እንደዚህ ዝም ብል ሙሽራው ራሱ ተነስቶ ይሄዳል። አታካብጂ።»

«ይህ ሰርግ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ለቅሶ ነው?»

ሽፋኑን አውጥቼ እየተረጎምሁ አነበብሁለት። ሳቀብኝ። ቀጥሎ መሳቁን ተወና «ዝም ማለትም ይጻፋል?» አለኝ። «ይጻፋል፤ ይቆጠራልም» አልሁት። ሰባቱንም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እጁ ወደ መቁረጫው በሄደ ቁጥር እያየሁት፣ እንዳለ ገለበጠው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ልንገርህ። አንተ ከአንድ ሁለት ቃል በቀር ስለ ሥራህ ነግረኸኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። የማውቀው ከላክኸው የጋዜጣ ቁራጭ ያነበብሁትን ነው፤ ኮንሰርቫቶሪ ከሚሉት የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደወጣህ፣ ለዳንስ ቤት እየተጫወትህ እንደኖርህ፣ ስቱዲዮ የሚሰጥህ አጥተህ «ደረቅ ወንዝ»ን በአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ እንደቀረጽኸው።

«ደረቅ ወንዝ» መሀል ላይ መጫወቱን ታቆማለህ። ምንም የለም። ኮሪደሩ ብቻ ይሰማል። ሳላስበው እጄ ጉልበቴ ላይ መቁጠር ጀመረ፤ ልጅ ሳለሁ እንደተማርሁት፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። ቆጠራዬ ሲሞላ አንተ ገባህ። በዚያው ምት ላይ ነው የገባኸው፤ አልቀደምህም፣ አልዘገየህም። ይህ በአጋጣሚ ይሆናል አልሁ። ሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው እጅግ ይረዝማል፤ እርሱንም ቆጠርሁ። በምቱ ላይ ገባህ። በሌላ ቀን ደግሜ፣ በሌላውም አልበም ሞከርሁ። የሚያንኳኳ፣ የሚፍቅ፣ የሚቧጥጥ የሚመስለው ሁሉ አንድ ሰዓት አክባሪ ሰው ከውስጥ ይዞታል። ሲስተር ክሎቲልድ በሕይወት ብትኖር ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትሰማህ ነበር። እኔ በበኩሌ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ለማን እንደቆምሁ አላውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

አንድ የፓሪስ ጸሐፊ በሁለተኛው አልበምህ ላይ «ዕቃ እያጓጓዘ ያለ ሰው ይመስላል» ብሎ የጻፈውን ልከህልኝ ነበር። ለምን እንደላክኸው አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል። እኔ ዕቃ ሳጓጉዝ ኖሬአለሁ። ምት የሚጠብቅ ቁም ሣጥን አላየሁም።

በሦስተኛው፣ ዘርዓብሩክን ባስደነገጠው፣ ወፍራሙን ክር እያላላህ እያላላህ ወርደህ ክሩ እንጨቱን እየመታ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የባቡር ሠራተኞች ክበብ ውስጥ የነበረው ኮንትራባስ ክሩ ተበጥሶ አባትህ ከዎርክሾፕ ሽቦ አምጥቶ የሠራልህ ጊዜ፣ ሽቦው እንደዚያ ነበር የሚጮኸው። ሰው ሁሉ «ይህ ክር አይደለም፤ ጣለው» ሲልህ አንተ አልጣልኸውም። አባትህ ይህንን አልበም ሳይሰማ አረፈ። ምን ይመስላል ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እንደምነግረው አሰብሁ፤ «ሽቦህ አሁንም ይሠራል» እለው ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀኝ አምስተኛው ነው፤ ከዋሽንት ነፊዋ ሴት ጋር የተጫወትኸው። እውነቱን ልንገርህና፣ ዋሽንቷን አልሰማኋትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ከእርስዋ አልደረሰኝም። ይሁን እንጂ የት እንደገባች፣ የት እንደወጣች፣ መቼ እንደተቆጣች፣ መቼ እንደደከማት አውቃለሁ፤ አንተ ቦታ ስትለቅላት እሰማለሁና። ስትጠብቃት እሰማለሁ። ሰው ሌላውን ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያስተናግድ እንደሚችል እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከአንተ ተማርሁ።

ስለ ጆሮዬ የተባለውን ደግሞ ላስተካክል። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ የሺአረግ ሳትጎትተኝ በራሴ። ሐኪሟ ማዳመጫ አድርጋልኝ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን አነሣሁ፤ በመጨረሻም አንድ ሥዕል አሳየችኝ። መስመሩ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄድና በቀኝ በኩል ገደል ይገባል። በቀኝ ያሉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ወፉ፣ የስልኩ ጥሪ፣ የበሩ ደወል፣ የሕፃናት ጨዋታ። የየሺአረግም ድምፅ ከሄዱት ጋር ሄዷል፤ ይህንን ለእርስዋ አልነገርኋትም፣ አንተም አትንገራት። ከንፈርዋን እያየሁ «ልክ ነሽ» እላታለሁ፤ እስከ አሁን አልተጣላንም። በሩን ስታንኳኳ አለመክፈቴም ከዚህ የተነሣ ነው። በአጥር ላይ አይታ ሞንታርቦውን አቅፌ ዓይኔን ጨፍኜ ብታገኘኝ ጊዜ ነው ያንን ሁሉ የነገረችህ።

በግራ በኩል፣ መስመሩ ቀጥ ባለበት፣ ያለኸው አንተ ነህ። የቀረልኝ ድምፅ የአንተ መሣሪያ ያለበት ነው። ሐኪሟ ስለሚመጣው ዓመትም የተናገረችው ነበር፤ እርሱ ለዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አያስፈልግም።

«አዳራሹ ባዶ ነበር» ብለህ የጻፍህልኝን ደብዳቤ አስታውሳለሁ። እዚህ አዳራሽ የለም፤ ሰሚ ግን አለ። ዘርዓብሩክ ከሥራ ሲወጣ በዚህ በኩል ማለፍ አዘውትሯል፤ መንገዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሞሐሙድ ደግሞ ባለፈው ሳምንት መልካ ጀብዱ ሰርግ ነበረው። ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ሙዚቃውን ድርግም አድርጎ አጥፍቶ ቆጠረ።

«ወላሂ እማማ፣ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ» ብሎ መጥቶ ነገረኝ። «ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሙሽራዋ ስትገባ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ። የሙሽራው አባት መጥቶ ማይኩ ተቃጠለ እንዴ አለኝ፤ አልተቃጠለም፣ ተጽፎ ነው አልኩት።»

«በልክ ቆጠርህ?»

«ትንሽ ቸኮልኩ።»

«ሁለት ማስመሪያ ይገባሃል» አልሁት።

ስለዚህ ልጄ፣ ለማስታመም ብለህ ሥራህን ጥለህ ብትመጣ እዚህ የምታስታምመው በሽተኛ አታገኝም። የምታገኘው ሰባቱን ሰምታ ስምንተኛውን የምትጠብቅ አሮጊት ነው። ቀረጻውን በተባለው ቀን አድርግ፤ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን አታስተላልፈው። አሥራ ሁለቱ አብረው ወደ ታች በሚወርዱበት ቦታ አትቸኩሉ፤ ሰው ሳይሰማው ያልፋል ብላችሁ አትፍሩ። ዝምታውን ማንም እንዳይነካው ተቆጣጠር፤ አስተካካይ በየአገሩ አለ። ሲያልቅ በፖስታ አትላከው፣ ፖስታ ይዘገያል፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ፈልገህ በእጁ ላከው። ሽፋኑ እስኪታተም አልጠብቅም፤ ራቁቱን ላከው። ከዚያ በኋላ፣ በፈለግህ ጊዜ፣ ና። በሩን አታንኳኳ፤ ክፍት ይሆናል።

አባትህን በዘመኑ ሁሉ የጠበቀ አምላክ ጣቶችህን ከቁርጥማት፣ ትከሻህን ከዝለት ይጠብቅልህ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ አይታመምብህ፤ መንገድ አያስቀራቸው። የጀመርኸውን የምትጨርስበት ብርታት ይስጥህ። ለእኔም ዕድሜ አልለምንም፣ በቂ ሰጥቶኛል፤ የምለምነውን እርሱ ያውቃል።

ነገ ከሁሉ አስቀድሞ ሞሐሙድ ይህንን ደብዳቤ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ይልክልሃል። በየሺአረግ ስልክ የማይሆንበትን ምክንያት ስታነብ አይተኸዋል። ዋናውን ፖስታ ቤት እሰጣለሁ። ቀጥሎ አናጢው ዘገዬ ይመጣል፤ ሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ጣውላ ያነጥፋል፣ ሞንታርቦውንም እዚያው ጣውላ ላይ ያቆመዋል። ምንጣፍ እንዳያለብሰው ነግሬዋለሁ። ከዚያም ወደ መጋላ እሄዳለሁ። ሞሐሙድ ኪንሲ የምትባል እህት አለችው፤ ከተወለደች ጀምሮ ሰምታ አታውቅም። ሰርግ ላይ ግን ጫማዋን አውልቃ ሞንታርቦው አጠገብ መድረኩ ጣውላ ላይ ትቆምና ከሁሉ አስበልጣ በምቱ ትጨፍራለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አትስትም። እግር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጉልበት ምን ያህል እንደሚላላ እንድታሳየኝ ጠይቄያታለሁ። ነገውኑ እጀምራለሁ።

እናትህ
ኪዳነ ምሕረት